የድጋፍ ግንብ፦ ከዳገቱ በኩል 4 ሜትር፣ ከወንዙ በኩል 3 ሜትር፤ በምን ቢሠራ ይጸናል?

ዳገት ሰፈር (ጠያቂ)

ሰላም ለመድረኩ አባላት በሙሉ። ግቢያችን አዲስ አበባ፣ ከእንጦጦ ሥር ካሉት ተዳፋት ሰፈሮች በአንዱ ይገኛል። ከላይ በኩል የጎረቤታችን ግቢ ከእኛ 4 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ አፈሩ ቀይ ሸክላማ ነው። ከታች በኩል ደግሞ ግቢው የሚያልቀው ወንዝ ዳር ሲሆን፣ በክረምት ጎርፉ በመጣ ቁጥር ዳርቻውን እየናደ መሬት ይወስድብናል። ስለዚህ ሁለት የድጋፍ ግንብ ያስፈልገናል።

አንዱ ሥራ ተቋራጭ ለላይኛው ወገን «ከታች እስከ ላይ 60 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የድንጋይ ግንብ በጥሩ ሞርታር ከተሠራ ይበቃል» ብሎ ዋጋ ሰጥቶናል። ሌላው አርማታ ካልሆነ አልሠራም ይላል፤ ዋጋውም ከመጀመሪያው በብዙ ይበልጣል። የትኛው ነው የሚቆመው? ወጪን የሚቆጥብና የሚጸና አሠራር ካለስ የትኛው ነው? በቁጥር ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል፤ መሐንዲስ ባልሆንም ሒሳቡን መከታተል አያቅተኝም።

አፈር ላብራቶሪ

በቁጥር መጠየቅዎ ጥሩ ነው፤ ግንቡ ላይ የሚያርፈውን ኃይል ሳያሰሉ ስለ ውፍረት መነጋገር አይቻልምና። የአፈር ግፊት ስሌት አዲስ ነገር አይደለም። ፈረንሳዊው የጦር መሐንዲስ ሻርል ኩሎም በ1773 እ.ኤ.አ. መሠረቱን ጥሏል፤ ስኮትላንዳዊው ዊልያም ራንኪን ደግሞ በ1857 ዛሬም የምንጠቀምበትን ቀላል መንገድ ሰጥቶናል።

ከግንቡ ጀርባ ውሃ የማይቋጥር፣ የውስጥ ሰበቃው አንግል (ልል አፈር ሲከመር ሳይናድ የሚይዘው ተዳፋት ያህል) 30 ዲግሪ የሆነ ጠጠራማ ሙሌት አለ እንበል። የእንዲህ ዓይነቱ አፈር የጎን ግፊት ወደ ታች ከሚጫነው ክብደት አንድ ሦስተኛው ነው። የአንድ ሜትር ኩብ ክብደት 18 ኪሎ ኒውተን (አንዱ ኪሎ ኒውተን የ100 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ነው)፣ ቁመቱ 4 ሜትር ከሆነ፣ በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት ግንቡን የሚገፋው ኃይል 48 ኪሎ ኒውተን ይሆናል። ኃይሉ የሚያርፈው ከመሠረቱ በአንድ ሦስተኛ ከፍታ፣ ማለትም በ1.33 ሜትር ላይ ስለሆነ፣ ግንቡን ወደ ፊት ሊገለብጥ የሚሞክረው ሞመንት፣ ማለትም ኃይሉ በክንዱ ርዝመት ሲባዛ፣ 64 ኪሎ ኒውተን ሜትር ነው።

አሁን የመጀመሪያውን ተቋራጭ ሐሳብ እንፈትሽ። 60 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ቀጥ ያለ የድንጋይ ግንብ፣ ድንጋዩን በሜትር ኩብ 22 ኪሎ ኒውተን ብንይዘው፣ በአንድ ሜትር ርዝመት 52.8 ኪሎ ኒውተን ይመዝናል። ይህ ክብደት መገልበጥን የሚከላከልበት ክንድ 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ የሚያስገኘው ሞመንት ወደ 16 ኪሎ ኒውተን ሜትር ነው። 64 ለሚገፋው 16 ማቆም ማለት ግንቡ ከሚያስፈልገው አንድ አራተኛው ብቻ አለው ማለት ነው። ሞርታሩ የፈለገውን ያህል ቢጠነክር ይህን ልዩነት አይሞላውም።

እንግዲህ ከላይ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ከታች 2.2 ሜትር ስፋት ያለው፣ ጀርባው ቀጥ ብሎ ፊቱ የተዳፋ ግንብ እንውሰድ። ክብደቱ 123 ኪሎ ኒውተን፣ ከፊት ጥግ የሚከላከለው ሞመንት 175 ይሆናል። መገልበጥን በ2.7 እጥፍ ይቋቋማል፤ በልማድ 2 እጥፍ ስለሚጠየቅ በዚህ በኩል ሥጋት የለም። ችግሩ መንሸራተቱ ነው። በመሠረቱና በአፈሩ መካከል ያለውን ሰበቃ 0.5 ብንወስድ የሚይዘው ኃይል 61.6 ኪሎ ኒውተን ስለሆነ፣ ከ48 ጋር ሲነጻጸር 1.28 እጥፍ ብቻ ነው፤ የሚፈለገው ደግሞ 1.5 ነው። ጎረቤትዎ ግንቡ ጫፍ ድረስ መኪና ቢያቆም ወይም ድንጋይ ቢከምር፣ በሜትር ካሬ 10 ኪሎ ኒውተን ጭነት ብቻ 13.3 ኪሎ ኒውተን ተጨማሪ ግፊት ያመጣና ንጽጽሩ 1.0 ላይ ይደርሳል። ግንቡ ይህን ያህል ድንጋይ ፈጅቶም በአፋፍ ላይ ነው። ብዙ ሰው ግንብ ይገለበጣል ብሎ ይፈራል፤ የክብደት ግንብ ግን ብዙውን ጊዜ የሚሸነፈው ከሥሩ ተንሸራቶ ነው።

መፍትሔው ድንጋይ መጨመር አይደለም። የመሠረቱን ወለል ወደ ዳገቱ ዘንበል ማድረግ ነው። በስድስት ሜትር አንድ ሜትር የሚወርድ ዝንባሌ ከሰጡት፣ ማለትም የኋላው ጥግ ከፊተኛው 37 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ካለ፣ ያንኑ የጎረቤት ጭነት ይዘን ንጽጽሩ ከ1.0 ወደ 1.5 ገደማ ይወጣል። ከጥቂት ተጨማሪ ቁፋሮ በስተቀር ወጪ የለውም። ከሥር ለስላሳ የሸክላ ንጣፍ ካለ ግን መንሸራተቱ ከግንቡ በታች ባለው አፈር ውስጥ ሊያልፍ ስለሚችል ያ ለብቻው ይታያል።

ይህ ሁሉ ውሃ በሌለበት ነው። የማስተንፈሻ ቀዳዳዎቹ ተደፍነው ከጀርባ ያለው ሙሌት እስከ አፉ ውሃ ቢሞላ፣ የአፈሩ ግፊት ወደ 27 ቢወርድም ውሃው ብቻውን 78.5 ኪሎ ኒውተን ይጨምራል። ድምሩ 106 ገደማ ነው፤ ከደረቁ ጊዜ ከሁለት እጥፍ በላይ። የሚይዘው ኃይል 61.6 መሆኑን ያስታውሱ። ስለዚህ የላይኛው ግንብዎ ዕጣ የሚወሰነው ከድንጋይና ከአርማታ ምርጫ በፊት ውሃው በሚወጣበት መንገድ ነው።

ግንበኛ

አፈር ላብራቶሪ የጻፉትን በሥራ ላይ ከማየው ጋር አገናኝቼ ልጨምር። የወደቀ ግንብ ፍርስራሽ ሲነሳ ከጀርባው የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ጠጠር ሳይሆን ከመሠረቱ የወጣው ጭቃ ተመልሶ የተደፋ ነው። የፕላስቲክ ቱቦዎቹ ፊት ለፊት በሥርዓት ተደርድረው ይታያሉ፤ ከኋላ ግን አፋቸው ሸክላው ውስጥ ተቀብሮ ይገኛል። እንዲህ ያለው ቱቦ ጌጥ ብቻ ነው።

ትክክለኛው አሠራር ውድ አይደለም። ከግንቡ ጀርባ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የታጠበ ጠጠር ከታች እስከ ላይ ይወጣል። በጠጠሩና በአፈሩ መካከል ውሃ አሳልፎ አፈር የሚያስቀር ጂኦቴክስታይል ጨርቅ ይዘረጋል፤ ጨርቁ ካልተገኘ በአሸዋና በጥቃቅን ጠጠር ደረጃ በደረጃ ይጣራል። ከኋላው ጥግ ግርጌ የተበሳ ቱቦ ወደ አንድ ወገን ዘንበል ብሎ ይቀመጣል። 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ማስተንፈሻዎች በየ1.5 ወይም በየ2 ሜትሩ፣ አንዱ ረድፍ ከሌላው ጋር እንዳይገጥም ተደርጎ ይወጣሉ። ከላይ ደግሞ ሙሌቱ በተጠቀጠቀ ሸክላ ይከደንና ከዳገቱ የሚወርደው የዝናብ ውሃ በቦይ ወደ ጎን ይመለሳል። አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ አብዛኛው በክረምቱ ወራት ስለሚወርድ፣ ይህ ቦይ ሥራው ሲያልቅ በቀረ ገንዘብ የሚሠራ ነገር መሆን የለበትም።

ስለ ድንጋዩ ሁለት ነገር ልበል። ፊቱንና ጀርባውን በጥርብ ድንጋይ አሳምሮ መሐሉን በስብርባሪ መሙላት ግንቡን ሁለት ቀጭን ግንብ ያደርገዋል፤ ረጃጅም ድንጋዮች በየሜትሩ ወደ ውስጥ እየገቡ መያያዝ አለባቸው። ሙሌቱ ደግሞ በ20 ሳንቲ ሜትር ንጣፍ በእጅ መጠቅጠቂያ ይጠቅጠቅ። ከባድ ሮለር ከግንቡ ጀርባ አንድ ሜትር ተኩል ድረስ አይጠጋ፤ የሮለሩ ጫና ከሄደም በኋላ አፈሩ ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል።

ስለ አርማታው ግን ከብዙዎች የተለየ ሐሳብ አለኝ። ጥሩ ድንጋይ በቅርብ ካለና ቦታ ካልጠበበ እስከ 3 ወይም 4 ሜትር ቁመት ድረስ የድንጋይ ግንብ ይረክሳል፤ ለአካባቢው ግንበኞችም እንጀራ ይሆናል። ፌሮና ሲሚንቶ በተወደደበት ጊዜ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አፈር ላብራቶሪ

ግንበኛ በዋናው ነገር ልክ ናቸው፤ ነገር ግን ሁለቱን በመጠን እናወዳድር። ከላይ ያሰላነው የድንጋይ ግንብ በአንድ ሜትር ርዝመት 5.6 ሜትር ኩብ ድንጋይ ይወስዳል። ለዚያው ቁመት የአርማታ ግንብ፣ መሠረቱ 2.5 ሜትር ስፋትና 40 ሳንቲ ሜትር ውፍረት፣ ቋሚው በአማካይ 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 2.1 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ገደማ ነው። ይህን ቁጠባ የሚያመጣው ከመሠረቱ የኋላ ክንፍ በላይ የሚያርፈው አፈር ራሱ ክብደት ሆኖ ግንቡን ስለሚይዝ ነው። ቁመቱ ከ4 ሜትር ሲያልፍ የድንጋዩ መጠን በቁመቱ ካሬ ስለሚያድግ አርማታው ማሸነፍ ይጀምራል። 4 ሜትር ላይ ሁለቱ ተቀራራቢ ናቸው፤ ስለዚህ የሚወስነው የድንጋዩ ርቀትና የአካባቢው ዋጋ ነው።

አርማታውን ከመረጡ ግን አንድ ነገር ራስዎ ቆመው ይዩ። ዋናው ፌሮ የሚቀመጠው በአፈሩ በኩል ነው፤ ግንቡ ወደ ፊት ሲጎብጥ የሚሳበው የኋላው ገጽ ነውና። ለዚህ ቁመት፣ ከላይ ያልኩትን ጭነት ጨምሮ፣ በቋሚው ግርጌ ባለ 14 ሚሊ ሜትር ፌሮ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ ከበቂ በላይ ይሆናል፤ ያው ፌሮ በፊት ለፊት ገጽ ከታሰረ ግን የለም ማለት ይቀላል። ፎርማኑ የሚያየው ሥዕል ላይ «የአፈር ወገን» የሚል ቃል በጉልህ ይጻፍ። በስሌቱ የተጠቀምኩት አጠቃላይ ንጽጽር ለማስረዳት የሚቀልል ነው። ሥዕሉን የሚፈርመው መሐንዲስ በዩሮኮድ (በአውሮፓ የግንባታ ደረጃ) ላይ በተመሠረተው የአገራችን ደረጃ፣ ኢኤስ ኢኤን 1997፣ ከፊል ማባዣዎችን፣ ማለትም ጭነቱንና የአፈሩን ጥንካሬ ለየብቻ ለጥንቃቄ የሚያስተካክሉ ቁጥሮችን፣ ተጠቅሞ ሊያሰላ ይገባል።

ዳገት ሰፈር (ጠያቂ)

በጣም አመሰግናለሁ፤ የ60 ሳንቲ ሜትሩን ዋጋ ዛሬውኑ መልሼዋለሁ። አንድ ነገር ግን ግራ አጋብቶኛል። የጎረቤታችን ሌላኛው ወገን ከተቆረጠ ቆይቷል፤ ሦስት ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ ያለ ምንም ግንብ ቆሟል። አፈሩ በራሱ የሚቆም ከሆነ ይህ ሁሉ ግፊት ከየት ይመጣል?

አፈር ላብራቶሪ

ሸክላ አፈር እንደተቆረጠ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ባለው የመያያዝ ኃይል ነው። ይህ ኃይል 20 ኪሎ ፓስካል (በሜትር ካሬ 20 ኪሎ ኒውተን) ቢሆን እንኳ በስሌት 4.4 ሜትር ድረስ ያለ ድጋፍ ሊቆም ይችላል። ነገር ግን ከጊዜ በኋላ ከጫፉ ወደ ኋላ ባለው መሬት ላይ ከላይ ወደ ታች ስንጥቅ ይከፈታል፤ በዚሁ ቁጥር የስንጥቁ ጥልቀት 2.2 ሜትር ይደርሳል። የክረምቱ ውሃ ስንጥቁን ሲሞላ ሁለት ነገር ይሆናል፤ ውሃው ራሱ ይገፋል፣ ሸክላውም ይለሰልሳል። በበጋ የቆመ ገደል በነሐሴ የሚወርደው በዚህ ምክንያት ነው። የሸክላውን መያያዝ ለግንቡ ስሌት አንቆጥረውም፤ ለቁፋሮው ጊዜ ብቻ እናመሰግነዋለን።

ለዚያም ቢሆን ሥራው ከጥቅምት በኋላ ይጀመር። ዳገቱን በስካቫተር ከዳር እስከ ዳር በአንድ ቀን አይቁረጡት፤ በ3 ወይም በ4 ሜትር ክፍል፣ አንዱን ዘልለው አንዱን እየቆረጡና እየገነቡ ይሂዱ። የጎረቤትዎ ቤት ከጫፉ ከ4 ሜትር በታች ርቀት ላይ ከሆነ ደግሞ የመሠረቱ ጭነት በግንቡ ስሌት ውስጥ ለብቻው ይግባ። ጥቁር አፈር ካለ እንደ ሙሌት አይጠቀሙበት፤ ሲረጥብ አብጦ የሚያመጣው ግፊት በራንኪን ቀመር አይገኝም። ጠጠራማው ሙሌት ደግሞ ቀጭን ንጣፍ ብቻ ከሆነ ግንቡን የሚገፋው ከኋላው ያለው ሸክላ ነው። የ30 ዲግሪውን ቁጥር ለመጠቀም ሙሌቱ ከመሠረቱ ጥግ ወደ ላይ እየሰፋ የሚሄድ ሽብልቅ መሆን አለበት። ገረገንቲ (ጠጠራማ የሙሌት አፈር) የሚገዙ ከሆነ ለዚህ ቦታ ይግዙት።

ጎሐ ጽዮን

አንድ ነገር ልጨምር። ግንቡ በራሱ ቢጸናም የቆመበት ዳገት ሙሉ በሙሉ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ስሌቱ ሁሉ ከንቱ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን በሚወስደው የዓባይ በረሃ መንገድ ይህ ይታያል፤ መንገዱ በተለያየ ቦታ የሚሄደው ከላይ ተንዶ በተከማቸ አፈርና ድንጋይ ላይ ስለሆነ፣ መሬቱ ቀስ እያለ ሲሳብ መንገዱንም ግንቡንም ይዞ ይሄዳል። እንዲህ ባለ ቦታ ግንብ ማወፈር ለሚሳበው መሬት ክብደት መጨመር ነው፤ የሚጠቅመው የከርሰ ምድሩን ውሃ በቦይና በጉድጓድ ማውጣት ነው። ጠያቂው ግቢያቸው ውስጥ ያጋደሉ ዛፎች፣ በየዓመቱ እንደገና የሚከፈት ስንጥቅ ወይም በበጋ የማይደርቅ እርጥብ ቦታ ካለ፣ ከግንቡ በፊት የአካባቢውን መሬት የሚያይ ጂኦቴክኒክ ባለሙያ ይጥሩ።

ካራት

ውሃ በሚለው ነጥብ ላይ የኮንሶ እርከን ሊነሳ ይገባል። በ2011 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ መልክዓ ምድር ከ400 ዓመት በላይ በተከታታይ ትውልድ የተሠራ ሲሆን፣ ግንቦቹ በአንዳንድ ቦታ 5 ሜትር ቁመት ይደርሳሉ። አንድም ሞርታር የላቸውም። ድንጋዩ በደረቁ ተገጣጥሞ ስለሚቆም ውሃው በየመገጣጠሚያው ይወጣል፣ አፈሩ ግን ይቀራል፤ ትርፉም ከላይ ወደ ታች እንዲፈስ መውጫ ተበጅቶለታል። የተናደ ክፍል ሲኖር ያው ድንጋይ ተነሥቶ ይመለሳል። ቤት ለሚሸከም ግቢ ይህን እንዳለ ቅዱ ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን በአገራችን ውስጥ ለረጅም ዘመን የተፈተነ የድጋፍ ግንብ ካለ ይህ ነው፣ የጸናውም ውሃ ስለማያግት ነው።

ወንዝ ሥራ

እስካሁን ስለ ወንዙ ግንብ የተናገረ ስለሌለ እኔ ልጀምር። በመጀመሪያ፣ በወንዝ ዳርቻ ለመሥራት የከተማው አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ከወንዙ የሚጠበቀውን ርቀት ሳያረጋግጡ አይቆፍሩ። ሁለተኛ፣ የወንዝ ግንብ ጠላት ከጀርባው ካለው አፈር ይልቅ ከፊቱ ያለው ጎርፍ ነው። ውሃው የግንቡን እግር ሥር እየቦረቦረ አሸዋውን ሲወስድ፣ ጤነኛ የሚመስለው ግንብ ባዶ ላይ ይቀርና ወደ ወንዙ ይቀመጣል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ድሬዳዋን የመታው የደቻቱ ጎርፍ፣ በጋውን ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚከርም ወንዝ በአንድ ሌሊት ምን ሊያደርግ እንደሚችል አሳይቶናል።

ለ3 ሜትሩ ዳርቻ እኔ የምመርጠው ጋቢዮን ነው። የሽቦ ሣጥኑ 2 ሜትር በ1 በ1 ሆኖ በጥቁር ድንጋይ ሲሞላ፣ ክፍተቱ አንድ ሦስተኛ ያህል ስለሆነ በሜትር ኩብ 17 ኪሎ ኒውተን ገደማ ይመዝናል፤ ከሞርታር ግንብ ቀላል ነው፣ ነገር ግን ውሃን አያግትም፤ መሬቱ ሲሰምጥም ሳይሰነጠቅ አብሮ ይጎብጣል። ከታች ሁለት ሣጥን ስፋት፣ ከላይ አንድ ሆኖ በሦስት ረድፍ ይደረደራል። ከእነዚህ ሥር ደግሞ አንድ ረድፍ ከወንዙ ወለል በታች ይግባ፤ ከፊቱም ቀጭን የጋቢዮን ምንጣፍ ወደ ወንዙ ይዘርጋ፤ ጎርፉ ከሥሩ ሲቦረቡር ምንጣፉ እየጎበጠ ጉድጓዱን ይሸፍናል። ከጀርባው ጂኦቴክስታይሉ እንዳይረሳ፤ ያለ እርሱ ጎርፉ ሲወርድ አፈሩ በድንጋዮቹ መካከል ተጠርጎ ይወጣል።

ወጪ ለመቀነስ ተብሎ የማይነካው ሽቦው ነው። የአዲስ አበባ ወንዞች ቆሻሻ ስለሚበዛባቸው ዚንክ ብቻ የተቀባ ሽቦ ቶሎ ይበላል፤ በተጨማሪ ፕላስቲክ የለበሰውን ይግዙ። ድንጋዩም ከሽቦው ቀዳዳ የሚያንስ አይሁን፤ ለ8 በ10 ሳንቲ ሜትር ቀዳዳ ከ10 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ድንጋይ በእጅ እየተደረደረ ይሞላ።

ጣና ዳር

ከባሕር ዳር ነኝ። ወንዝ ሥራ ያሉት ለሐይቅ ዳርቻም ይሠራል? እኛ ዘንድ የሐይቁ ውሃ በክረምት መጨረሻ ይሞላል፣ በበጋ ይወርዳል፤ በግንብ ልንጠብቀው የምንፈልገው የመናፈሻ ዳርቻ አለ።

ወንዝ ሥራ

በከፊል። ልዩነቱ ፍጥነቱ ላይ ነው። የአዲስ አበባ ወንዝ በአንድ ሰዓት ሞልቶ በጥቂት ሰዓታት ይወርዳል፤ ከግንቡ ጀርባ የገባው ውሃ ግን በዚያ ፍጥነት አይወጣም። የ3 ሜትር ግንብ ላይ ከኋላ ያለው ውሃ ከፊቱ በ1 ሜትር ብቻ ቢበልጥ ልዩነቱ 24.5 ኪሎ ኒውተን ግፊት ይሆናል፤ ይህም ደረቅ አፈር በዚያ ቁመት ከሚገፋው 27 ጋር የሚቀራረብ ነው። ጣና ግን የሚወርደው በወራት ስለሆነ፣ መውጫ ከተሰጠው ውሃው ከሐይቁ ጋር አብሮ ይወርዳል። የእናንተ ሥጋት ሞገዱና ከሥር ያለው ለስላሳ ደለል ነው። ለስላሳ መሬት ላይ ቀጥ ያለ ከባድ ግንብ ከማቆም ይልቅ ዳርቻውን አዳፍቶ በድንጋይ ማልበስ ይረክሳል፤ ሞገዱንም ቀጥ ያለ ግንብ መልሶ ሲወረውረው ተዳፋቱ ያደክመዋል። ጀልባ እንዲጠጋ ቀጥ ያለ ፊት የግድ ከሆነ ብቻ ሺት ፓይል ይታሰብ። መሬት ውስጥ ጠልቆ የሚገባው ይህ የብረት ንጣፍ ከላይ በመልሕቅ ካልተያዘ ለትንሽ ቁመት ብቻ ነው የሚሆነው፤ ብረቱም ከውጭ በምንዛሪ ይመጣል።

ፈንታሌ

በታኅሣሥና በጥር 2017 ዓ.ም. ከፈንታሌ አካባቢ እየተነሣ አዲስ አበባ ድረስ የተሰማው የመሬት መንቀጥቀጥ ለእንዲህ ዓይነት ግንብ ያሳስባል?

አፈር ላብራቶሪ

ያሳስባል፤ ስለዚህም በስሌቱ ይገባል። ጃፓናውያኑ ኦካቤና ሞኖኖቤ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ያወጡት ዘዴ በመንቀጥቀጡ ምክንያት የሚጨመረውን ግፊት ይሰጣል። በደንብ የተጠቀጠቀና ውሃ የማይቋጥር ሙሌት ያለው ግንብ በመጠነኛ መንቀጥቀጥ ጥቂት ወደ ፊት ተራምዶ ይቆማል። የጎረቤት ቤት ከላይ ካለ ግን ያችንም እርምጃ መፍቀድ አይገባም፤ የመሠረቱ ዝንባሌ እዚህም ይረዳል።

ዳገት ሰፈር (ጠያቂ)

ለላይኛው የድንጋይ ግንብ ከዘነበለ መሠረት ጋር፣ ለታችኛው ፈቃዱ ከተገኘ ጋቢዮን ለማሠራት ወስነናል። ከተሠራ በኋላ ደኅና መሆኑን በምን አውቃለሁ?

አፈር ላብራቶሪ

ግንቡ እንዳለቀ በላዩ ጫፍ ላይ በየ3 ሜትሩ ሚስማር ያስመቱና ከሁለት ቋሚ ነጥቦች በተወጠረ ሲባጎ ርቀታቸውን ለክተው ይመዝግቡ። ሁለቱ ነጥቦች ከግንቡ ጋር በማይንቀሳቀስ ነገር ላይ ይሁኑ። ሙሌቱ ሲያርፍና የመጀመሪያው ክረምት ሲያልፍ የ4 ሜትር ግንብ ጫፍ ከ4 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ቢመጣ አይደንግጡ፤ አፈሩ እኛ ወደ ቆጠርነው ዝቅተኛ ግፊት የሚወርደው ግንቡ ይህን ያህል ሲላላለት ነው። የሚያስፈራው በሁለተኛውም ክረምት ልኬቱ መጨመሩን ከቀጠለ ነው። ከከባድ ዝናብ በኋላ ደግሞ ማስተንፈሻዎቹን ይዩ። ጥርት ያለ ውሃ ካንጠባጠቡ ጥሩ ነው፤ ውሃው ከደፈረሰ ማጣሪያው አፈር እያሳለፈ ነው፤ ቀዳዳዎቹ ደርቀው በድንጋዩ መገጣጠሚያ እርጥበት ከታየ ግን ተደፍነዋልና፣ ቀጣዩ ዝናብ ሳይመጣ በረጅም ብረት ከፊት ያስከፍቷቸው።